22 እና 24፦ የአንዲት አሮጌ ኮሮላ የሞተር ኮድ ጉዳይ

የአጎቴ መኪና የ1994 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ባለ 1.6 ሊትር ነው። ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለት ጀመረች። ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ሦስት አራት ጊዜ ከተሞከረ በኋላ ይነሳና ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ሲረገጥ ይታነቃል። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲሞቅ ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት ይሆናል። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ችግር የሚያሳውቀው የቼክ ኢንጅን መብራቱም እንደዚያው ነው። ጠዋት ይበራል፣ ከሰዓት ይጠፋል።

እኔ ጋ እስክትደርስ ብዙ ነገር ተቀይሮላታል። ካንዴላ፣ የነዳጅ ማጣሪያ፣ ባትሪ፣ በመጨረሻም የሞተሩ የውሃ ሙቀት ሴንሰር። ሴንሰሩ የተቀየረ ዕለት መብራቱ ጠፋ። አጎቴም ተገላገልኩ ብለው ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተመልሶ በራ።

ሴንሰሩን የቀየረው መካኒክ በግምት አልሠራም። ኮድ አንብቧል፤ ማለትም የሞተሩ ኮምፒውተር ብልሽት ሲያይ የሚመዘግበውን ቁጥር። ያገኘው ቁጥር 22 ነው፤ 22 ደግሞ በቶዮታ የውሃ ሙቀት ሴንሰርን ይመለከታል። ስለዚህ ሴንሰሩን ቀየረ። ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ስሕተቱ የተፈጠረው ከቁጥሩ ወደ ዕቃው በተዘለለበት ቦታ ላይ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣውም እዚሁ ላይ ነው።

መጀመሪያ ይዤ የሄድኩት በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኘውን ትንሽ የኮድ ማንበቢያ ነበር። የምትሰካበት ቦታ አልነበረም። እነዚህ ማንበቢያዎች የሚሠሩት ኦቢዲ 2 በሚባለው ሥርዓት ላይ ነው። ይህ ሥርዓት በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆነ፤ በአውሮፓ ደግሞ ለአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አምራች የራሱ ዘዴ ነበረው። እንዲያውም ባለ 16 ፒን ሶኬት ኖሯቸው ኦቢዲ 2 የማያውቁ አሮጌ መኪኖች አሉ። ሶኬቱ ስላለ ብቻ ማንበቢያው ይሠራል ማለት አይደለም።

የዚያ ዘመን ቶዮታ ግን ማንበቢያ አይፈልግም። አንድ ቁራጭ ሽቦ ይበቃል። ኮፈኑ ሲከፈት ክዳን ያላት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለች፤ ላይዋ ላይ ዲያግኖሲስ ተብሎ ተጽፎባታል። ክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ የቀዳዳዎቹ ስም በካርታ መልክ አለ። የሚፈለጉት ሁለቱ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉት ናቸው። እነሱን በሽቦ ካገናኙ በኋላ ቁልፉን ወደ ኦን ማዞር ነው፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ማርሹ ነጻ ላይ ይሁን፣ ነዳጅ አይረገጥ፣ መብራትና ማቀዝቀዣ ይጥፋ፣ ባትሪውም ከ11 ቮልት በላይ ይሁን። ያኔ ቼክ ኢንጅን መብራቱ ብልጭ ብልጭ እያለ መናገር ይጀምራል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው ነገር አለ። ካርታውን ሳያዩ ሽቦ አይክተቱ። እዚያው ሳጥን ውስጥ የባትሪ ፖዘቲቭ የሚመጣበት ቀዳዳ አለ። እሱን ከኢ1 ጋር ማገናኘት ሾርት መፍጠር ነው። ደግ ከሆነ ፊውዝ ያቃጥላል፣ ከከፋ ሽቦውን።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ምንም ችግር ከሌለ መብራቱ ያለ ፋታ በፍጥነትና እኩል በእኩል ብልጭ ይላል፤ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል። ችግር ካለ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ይቆጥራል። የመጀመሪያውን አሃዝ ይቆጥርና 1.5 ሰከንድ ያርፋል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ይቆጥራል። ሌላ ኮድ ካለ 2.5 ሰከንድ ያርፍና ይቀጥላል። ሁሉንም ሲጨርስ 4.5 ሰከንድ ያርፍና ከመጀመሪያው ይደግማል። ኮዶቹ የሚወጡት ከትንሹ ቁጥር ወደ ትልቁ ነው።

ሲጻፍ ቀላል ነው። መኪና ውስጥ ተቀምጦ መቁጠር ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔ ወረቀት ይዤ ስቆጥር መጀመሪያ የጻፍኩት 22 እና 42 ብዬ ነው። 42 የፍጥነት ሴንሰር ነው። አጎቴን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ የፍጥነት መለኪያው እየሠራ ነው?»

«እንደ አዲስ ነው የሚሠራው። እሱን ደግሞ እንዳትነካብኝ።»

በስልኬ ቪዲዮ ቀረጽኩትና ደግሜ አየሁት። ስሕተቴ ወዲያው ገባኝ። መቁጠር የጀመርኩት መሀል ላይ ነው። መብራቱ ይል የነበረው ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አራት ነው። እኔ የመጀመሪያው ሁለት ካመለጠኝ በኋላ ነው የገባሁት። ስለዚህ ሁለት ሁለት አልኩ፤ ከዚያ አራቱን ከሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ሁለት ጋር አጣምሬ 42 አደረግኩት። ፋታዎቹን በሰዓት ስለካቸው ትክክለኛው ንባብ 22 እና 24 ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮድ ሳነብ ሁልጊዜ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ረጅሙን የ4.5 ሰከንድ ፋታ እጠብቃለሁ፤ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ብቻ ነው የመጀመሪያው ኮድ። ቢያንስ ሦስት ዙር ተመሳሳይ ካልወጣልኝ አላምነውም።

ቁጥሮቹ ከመኪና መኪና እንደሚለያዩም ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ 12 በቶዮታ የሞተር ዙር ምልክት ጠፍቷል ማለት ነው፣ ከባድ ነገር። በዚያው ዘመን የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ግን ሞተሩ ጠፍቶ ሲነበብ 12 የንባብ ሥርዓቱ እንደሚሠራ ብቻ ነው የሚያሳየው። በኒሳን ደግሞ 55 ማለት ምንም ብልሽት የለም ማለት ነው። የአንዱን ዝርዝር ይዞ ሌላውን ማንበብ ሰውን ገደል ይከታል።

አሁን ወደ 22 እና 24። 22 የሞተር ውሃ ሙቀት ሴንሰር፣ 24 ወደ ሞተር የሚገባው አየር ሙቀት ሴንሰር ናቸው። ይባላሉ እንጂ፣ ኮምፒውተሩ ሴንሰር አያይም። የሚያየው ቮልቴጅ ነው። 5 ቮልት በውስጡ ባለ ሬዚስተር በኩል ወደ ሴንሰሩ ይልካል፤ ሴንሰሩም በሌላ ሽቦ ወደ ኮምፒውተሩ ይመልሰዋል። ሴንሰሩ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመግታት አቅሙ፣ ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ በሽቦው ላይ የቀረውን ቮልቴጅ አይቶ ሙቀቱን ያሰላል። ቮልቴጁ ከሚጠበቀው ወሰን ሲወጣ ብቻ ኮድ ይመዘግባል። ስለዚህ 22 ማለት በዚህ ሽቦ የሚመጣው ምልክት የሚታመን አይደለም ማለት ነው። ጥፋቱ የሴንሰሩ ይሁን፣ የሶኬቱ፣ የሽቦው ወይም የራሱ የኮምፒውተሩ፣ ኮዱ አይለይም።

አጎቴ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁኝ። «የሙቀት መለኪያው ዳሽቦርዱ ላይ በትክክል ያሳያል። ታዲያ ኮምፒውተሩ እንዴት አያውቅም?» ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር ስለሆነ መልሱን እዚህ ላስገባው። የዳሽቦርዱ መለኪያና ኮምፒውተሩ የሚጠቀሙት የተለያየ ሴንሰር ነው። ለዳሽቦርዱ የሚያገለግለው አንድ ሽቦ ብቻ አለው። የኮምፒውተሩ ሁለት ሽቦ አለው። አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ሊበላሽ ይችላል። ሁለቱም ሞተሩ ላይ ስለሚገኙ በስሕተት አንዱ ለሌላው የሚቀየርበት ጊዜም አለ። በኛ መኪና የተቀየረው ትክክለኛው ነበር፣ አረጋግጫለሁ።

በማግስቱ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዤ ሄድኩ። የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነበር። ይህ ለመለካት ምቹ ነው፤ በዚህ ሙቀት የሁለቱም ሴንሰሮች ሬዚስታንስ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም መሆን አለበት። የውሃውን ሴንሰር ከሶኬቱ ነቅዬ ለካሁ፣ 2,400 ገደማ። የአየሩን፣ በአየር ማጣሪያው ሳጥን ላይ ያለውን፣ ለካሁ፣ እሱም 2,300 ገደማ። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው።

ከዚያ አጎቴን ስለ ድሮው ሴንሰር ጠየቅኳቸው። ደግነቱ አልጣሉትም፣ ኪስ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ለካሁት። እሱም 2,400 አካባቢ። ሙቅ ውሃ በብርጭቆ አስመጣሁና ቴርሞሜትር አብሬ ከተትኩ። 80 ዲግሪ ላይ ሬዚስታንሱ ወደ 300 ኦም ወረደ። መሆን ያለበትም ከ200 እስከ 400 ነው። ተበላሽቷል ተብሎ የወጣው ዕቃ ምንም አልሆነም ነበር። አጎቴ ቁጥሩን ቴስተሩ ላይ ሲያዩ ዝም አሉ። እኔም ተሰማኝ፤ በዚያች አምስት ደቂቃ ልኬት ሊቀር የሚችል ወጪ ነበር።

ሴንሰሮቹ ነጻ ከወጡ የሚቀረው መንገዱ ነው። ሁለት ሴንሰር በአንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ጠዋት አይበላሽም። ሊሆን አይችልም አልልም፣ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሁለቱ የሚጋሩት ነገር ነው። የሚጋሩት ደግሞ ኢ2 የሚባለውን የመመለሻ ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ ከኮምፒውተሩ ተነስቶ ለውሃው ሴንሰር፣ ለአየሩ ሴንሰር፣ ለስሮትሉ (ነዳጅ ሲረገጥ ለአየር የሚከፈተው በር) ሴንሰርና ለማኒፎልድ (አየሩን ወደ ሞተሩ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ግፊት ሴንሰሩ ይከፋፈላል። የስሮትሉ ኮድ 41 ነው፣ የግፊቱ 31። ሁለቱም አልወጡም። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ኢ2 ከኮምፒውተሩ አጠገብ ተበጥሶ ቢሆን አራቱም በጮሁ ነበር። የጮሁት ሁለት ብቻ ስለሆኑ፣ ብልሽቱ ያለው ሽቦው ወደነዚህ ሁለቱ ከተገነጠለ በኋላ ነው። ያልወጣ ኮድም እንደወጣው ሁሉ ይናገራል።

ይህን በቴስተር አረጋገጥኩ። የውሃውን ሴንሰር ሶኬት እንደተነቀለ ትቼ ቁልፉን ኦን አደረግኩ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪ ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን የምልክቱ ሽቦ ላይ አደረግኩ። 5 ቮልት አለ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ እየላከ ነው። ከዚያ ጥቁሩን ጫፍ ከባትሪው አንስቼ እዚያው ሶኬት ላይ ወዳለው ወደ ሁለተኛው ፒን፣ ወደ ኢ2 አዛወርኩት። ዜሮ። የአየሩ ሴንሰር ሶኬት ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። መሄጃው አለ፣ መመለሻው የለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ብቻ ነው። ቁልፉን አጥፍቼ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። የሽቦውን ጥቅል ከሶኬቱ ጀምሬ ወደ ኋላ በእጄ እየዳበስኩ ሄድኩ። ከኢንቴክ ማኒፎልዱ ጀርባ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ናስትሮው ይለያል። ሌላው ቦታ ላይ ያለው የደረቀና የደበዘዘ ነው። እዚህ ግን ወፍራም፣ የሚያጣብቅና በእጅ የተጠቀለለ ነበር። ከዓመታት በፊት ሞተሩ ወርዶ እንደነበር አጎቴ ያኔ አስታወሱ። ናስትሮውን ስፈታ ሦስት ሽቦ በእጅ ተጠማዞ ተያይዟል። ብየዳ የለውም፣ ማያያዣም የለውም። መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ቴስተሩን አንድና ሌላ ጫፍ ላይ አድርጌ ሽቦውን በጣቴ ገፋ ሳደርገው ቁጥሩ ይዘል ነበር። አንዴ ከ1 ኦም በታች፣ አንዴ ብዙ መቶ ኦም፣ አንዴ ጭራሽ የተቆረጠ።

ሌሎቹ ምልክቶች ሁሉ ከዚህች ቦታ ተነስተው ይገባሉ። ጠዋት ሲቀዘቅዝ መገናኛው ይላቀቃል። ኮምፒውተሩ የሙቀቱን ምልክት ሲያጣ ዝም ብሎ አይቆምም፣ ግምት ይወስዳል። በቶዮታ የውሃው ሙቀት 80 ዲግሪ፣ የአየሩ 20 ዲግሪ እንደሆነ አድርጎ ይሠራል። ለሞቀ ሞተር ይህ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም፤ ለዚያ ነው ከሞቀች በኋላ ደህና የምትሆነው። ለቀዘቀዘ ሞተር ግን ነዳጁ አይበቃም። ቀዝቃዛ ሞተር ለመነሳት ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የሞቀ መስሎት ቆጥቦ ይሰጠዋል። ሞተሩ ሞቆ መገናኛው ሲገጥም መብራቱ ይጠፋል፣ ኮዱ ግን ማኅደረ ትውስታው ውስጥ ይቆያል። ከሰዓት መብራቱ ጠፍቶ እያለ ኮዱን ማንበብ የቻልነው ለዚህ ነው።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን የነዳጁ ነገር ነው። አጎቴ ቼክ ኢንጅን መብራቱ መታየት ከመጀመሩ ከብዙ ወራት በፊት ጀምሮ መኪናዋ ነዳጅ ትበላለች ይሉ ነበር። ካንዴላዎቹ ሲወጡም ጥቁር ጥላሸት ለብሰው ነበር። እንዴት ነው አንዴ ነዳጅ የሚያንሳት፣ አንዴ የሚበዛባት? መልሱ እዚያው መገናኛ ላይ አለ። ሽቦው ሙሉ በሙሉ ሳይቆረጥ ዝገቱ ብቻ ሲበዛ፣ የዝገቱ ሬዚስታንስ በሴንሰሩ ላይ ይደመራል። ሞተሩ 80 ዲግሪ ደርሶ ሴንሰሩ 300 ኦም ቢሆን፣ ዝገቱ ደግሞ 900 ቢጨምር፣ ኮምፒውተሩ የሚያየው 1,200 ኦም ነው። ይህ ለሱ የ40 ዲግሪ ሞተር ነው። ስለዚህ ገና አልሞቀም ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። 40 ዲግሪ ደግሞ ፍጹም የሚቻል ሙቀት ስለሆነ ኮድ አይመዘግብም፣ መብራትም አያበራም። ወሰኑን ያላለፈ ውሸት ለኮምፒውተሩ እውነት ነው። መብራቱ የበራው ነገሩ በጣም ከከፋ በኋላ ነው።

ጥገናው አጭር ነበር። የዛገውን ሽቦ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ቆርጬ አወጣሁ። ሽቦው ስላጠረ ያንኑ ውፍረት ያለው ቁራጭ ጨመርኩ። በሶልደር በየድኩና በሙቀት የሚጨማደድ የፕላስቲክ ቱቦ አለበስኩት። ከላይ በናስትሮ ጠቀለልኩ። ጥቅሉን እንዳይወጠር ትንሽ ላላ አድርጌ አሰርኩት፤ መጀመሪያም የጎዳው እዚያ መታጠፊያ ላይ መወጠሩ ይመስለኛል።

ኮዱን ለማጥፋት ባትሪ መፍታት ግዴታ አይደለም። ኢኤፍአይ የሚል ጽሑፍ ያለበትን የ15 አምፔር ፊውዝ ቁልፉ ጠፍቶ እያለ ነቅሎ ከ10 ሰከንድ በላይ ማቆየት ይበቃል። እኔ ባትሪውን አስቀድሜ ስለፈታሁት ኮዱ አብሮ ጠፍቷል። ቀድሞ ሴንሰሩ ሲቀየር መብራቱ የጠፋውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ እገምታለሁ። ባትሪ ተፈታ፣ ኮዱ ተሰረዘ፣ ሶኬቱ ሲነቀልና ሲሰካ ሽቦው ተነቃነቀና ለሁለት ቀን ገጠመ። ስለዚህ መብራት መጥፋቱን እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም። መጀመሪያ ኮዱን መጻፍ፣ ከዚያ ማጥፋት፣ ከዚያ መንዳት፣ ከዚያ እንደገና ማንበብ ያስፈልጋል።

እንደዚያው አደረግን። ሞተሩን አስነስቼ ሽቦውን በየቦታው ነቀነቅኩት፣ መብራቱ አልበራም። ሲሞቅ የምልክቱን ሽቦ ቮልቴጅ ለካሁ፣ ከ1 ቮልት በታች ነበር፣ መሆን እንዳለበት። ሌሊቱን አሳድረን በማግስቱ ጠዋት አጎቴ ራሳቸው ቁልፉን አዞሩ። በአንዴ ተነሳች። ሚኒሞዋም (ነዳጅ ሳይረገጥ የምትዞርበት ዙር) አልተንቀጠቀጠም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ሽቦዋን ቲኢ1 እና ኢ1 ላይ አደረግኩ። አጎቴ ከመሪው ኋላ ተቀምጠው ቆጠሩ። መብራቱ ያለ ፋታ፣ እኩል በእኩል ብልጭ ብልጭ ይል ነበር። አንድ ካንዴላ ፈትተን አየን። ጥላሸቱ ለቆ ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ሆኗል። የድሮውን ሴንሰር አጎቴ በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ኪስ ሳጥኑ መለሱት፣ መጠባበቂያ እንዲሆን።